ልጅዎ ተራራ ላይ ምን ይሠራል?

ይድረስ ለውድ እትዬ፤ ደብረ ብርሃን።

ወንድምዎና ቤተሰቡ እዚህ ኦሮራ፣ ኮሎራዶ፣ ከቤት ኪራዩ በቀር ሁሉም ደህና ነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

በስልክ የላኩት የድምፅ መልእክት ደርሷል። «ዲግሪ ይዞ የሄደ ልጅ ተራራ ላይ ምን ይሠራል? በግ ሊጠብቅ ከሆነማ መንዝ መች ጠበበው?» ያሉትን ወንድምዎ ለሚስቱ አሰማት፤ እሷም ለማኅበርተኞቿ አሰማቻቸው፤ አሁን የኦሮራ ሐበሻ ግማሹ መልሱን እየጠበቀ ነው። ልጅዎ ራሱ ሲጠየቅ «ሪዞርት ነው የምሠራው» ብሎ ወሬ ስለሚቀይር፣ ማስረዳቱ ወንድምዎ ላይ ወድቋል።

በአጭሩ፣ ልጅዎ ሰው ወንበር ላይ ያስቀምጣል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከተራራው ግርጌ እስከ አናቱ ወፍራም የብረት ገመድ ተዘርግቷል። ገመዱ ላይ አራት ወይም ስድስት ሰው የሚይዙ ወንበሮች ተንጠልጥለው ቀኑን ሙሉ ይዞራሉ። ሊፍት ይሉታል። ፈረንጁ እግሩ ላይ ሁለት ረጃጅም ጣውላ አስሮ ይሰለፋል፤ ተራው ሲደርስ ወንበሩ ከኋላ መጥቶ ጉልበቱን ሲነካው ዘፍ ይልና ይወጣል። ላይ ሲደርስ ይወርድና በጣውላው እየተንሸራተተ ቁልቁል ይመጣል። ታች ሲደርስ እንደገና ይሰለፋል። «ከላይ ምን ይዞ ይመለሳል?» ይሉ ይሆናል። ምንም። ይህንኑ ከጠዋት እስከ ቀኑ አሥር ሰዓት ሲያደርግ ይውላል፤ ለዚያውም ከፍሎ።

አዳዲሶቹ ሊፍቶች ብልሃት አላቸው። ገመዱ በሰከንድ 5 ሜትር ያህል ይበራል፤ ወንበሩ ግን ጣቢያው ሲገባ ከገመዱ ይላቀቅና በዝግታ ይሄዳል፣ ሰው ከጫነ በኋላ ገመዱን መልሶ ይነክሳል። እንዲያም ሆኖ የሚወድቅ አይጠፋም። ሊቀመጥ ሲል ስልኩን የሚያወጣ አለ፤ ሕፃኑን መሬት ላይ ትቶ ብቻውን የሚሄድ አባት አለ። የልጅዎ ሙያ መቼ ማዘግየት፣ መቼ ማቆም እንዳለበት ማወቅ ነው። ካላቆመ ሰው ይጎዳል። ካቆመ ደግሞ ከታች እስከ ላይ አየር ላይ የተንጠለጠለው ሕዝብ ሁሉ አንገቱን አዙሮ ማን እንዳቆመው ይፈልጋል።

ሌሊቱን በረዶ ከጣለ ሥራው ገና ሳይነጋ ይጀምራል። መሳፈሪያውና መውረጃው በአካፋ መጠረግና መስተካከል አለበት፤ ወንበሮቹም አንድ በአንድ ይራገፋሉ። አካፋ ደግሞ ዲግሪ አይጠይቅም። ደግነቱ አብሮት የሚዝቀው ጎረምሳም ባለዲግሪ ነው፤ ቺካጎ ውስጥ ጠበቃ ሆኖ ይሠራ ነበር አሉ። አባቱ እስካሁን አላናገሩትም። እትዬ ቢያንስ በስልክ ስለሚቆጡ ልጅዎ እድለኛ ነኝ ይላል።

የቀሩት ባልደረቦቹ ከየአገሩ ናቸው። ከፔሩ፣ ከቺሊና ከአርጀንቲና የመጡ ተማሪዎች ብዙ ናቸው፤ ከምድር ወገብ በታች የዩኒቨርሲቲው ረጅም እረፍት የሚውለው ኮሎራዶ በረዶ በምትለብስበት ወቅት ስለሆነ፣ በተማሪ የሥራ ቪዛ ለጥቂት ወራት ይመጣሉ። ከሴኔጋልና ከሞሪታኒያ የመጡ ሙስሊሞችም እዚያ ተራራማው ወረዳ ውስጥ ከሰፈሩ ብዙ ዘመናቸው ነው። ሆቴሉን የሚያጸዳው፣ ዕቃ የሚያጥበው፣ አውቶቡስ የሚነዳው ሰው አብዛኛው በረዶን በአካል ያየው አሜሪካ ከገባ በኋላ ነው። ትልቅ ሪዞርት ማለት ከሩቅ ሲያዩት ስፖርት ነው፤ ገባ ብለው ሲያዩት ወጥ ቤት፣ ልብስ ማጠቢያና የመኪና ማቆሚያ ነው።

ከፍታውን አያስቡ። ከትልልቆቹ የኮሎራዶ የበረዶ ሪዞርቶች አንዱ ያለበት የቬይል መንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,475 ሜትር ነው፤ ደብረ ብርሃን 2,840 ነው። ከቴክሳስና ከፍሎሪዳ የሚመጡት እንግዶች ገና ከመኪና ሲወርዱ ራሳቸውን ያማቸዋል፣ ደረጃ ወጥተው ያለከልካሉ። ለነሱ ሲባል ሱቁ ውስጥ ኦክስጅን በጣሳ ይሸጣል። አዎ፣ አየር። ልጅዎ ይህን ሲያይ ከነቤተሰቡ ስንት ዘመን በነፃ ሲተነፍስ እንደኖረ አስቦ ደነገጠ።

የደንብ ልብሱ ላይ ስሙና የመጣበት ቦታ የተጻፈበት ምልክት አለ። ስለዚህ በየቀኑ አንድ ዓይነት ውይይት ይደረጋል። «ኢትዮጵያ! እዚያ በጣም ሞቃት ነው አይደል?» ልጅዎ ስለ ደጋው ውርጭ ማስረዳት ሲጀምር ወንበሩ ይደርስና እንግዳውን ተሸክሞት ይሄዳል። የተሟላ መልስ ሰጥቶ አያውቅም። «ኢትዮጵያዊ ስኪ ይጫወታል እንዴ?» ለሚሉት ግን አጭር መልስ አዘጋጅቷል፦ ሮቤል ተክለማርያም። አዲስ አበባ ተወልዶ አሜሪካ ያደገው ሮቤል በ2006 ቱሪን ላይ ኢትዮጵያን ወክሎ የክረምት ኦሎምፒክ የገባ የመጀመሪያው ሰው ነው፤ በ2010ም ቫንኩቨር ላይ ተወዳድሯል። አገር ቤት ሲሠለጥን በረዶ ስለሌለ ጎማ ባለው ስኪ አስፋልት ላይ ይሄድ ነበር። (ዓመቶቹና ወሮቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ ወንድምዎ እየቀነሰ ቢጽፍ ደብዳቤው ለትንሣኤም አይደርስም።)

የልጅዎን ኩባንያ ስም ወንድምዎ እዚህ አያነሣም፤ ልጁ ገና ደመወዝ ይቀበላል። ከትልልቆቹ አንዱ ነው ማለት ይበቃል። ትልልቆቹ እንዴት ትልቅ እንደሆኑ ግን ከቬይል ታሪክ ይታያል፤ ያ ደግሞ በአደባባይ ያለ ነው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ ጦር በበረዶ ተራራ ላይ የሚዋጋ 10ኛ የተራራ ክፍለ ጦር አቋቁሞ እዚሁ ኮሎራዶ፣ ካምፕ ሄይል ውስጥ ያሠለጥን ነበር። ፒት ሳይበርት የሚባለው ወታደር ከዚያ ወደ ጣሊያን ዘምቶ ክፉኛ ቆሰለ። (ጣሊያን በመዝመቱ ብቻ እትዬ ከአሁኑ እንደወደዱት ወንድምዎ ያውቃል።) ከጦርነቱ ከተመለሰ ከዓመታት በኋላ፣ ኧርል ኢተን የሚባል የአካባቢው ሰው ማንም ያላሰበውን ተራራ መርቶ አሳየው። ገንዘብ ለምነው፣ ከሰው ተዋጥቶላቸው፣ በ1962 መጨረሻ ቬይልን ከፈቱ። ያን ጊዜ የቀን ትኬቱ 5 ዶላር ነበር። ዛሬ በገና ሰሞን መስኮቱ ላይ ቆሞ የሚገዛ ሰው ከ300 ዶላር በላይ ይጠየቃል።

ይህ ዋጋ የተቀመጠው ሰው እንዲከፍለው ብቻ አይደለም፤ እንዲያስደነግጠውም ነው። የቬይል ባለቤት የሆነው ኩባንያ፣ ቬይል ሪዞርትስ፣ በ2008 ኤፒክ ፓስ የሚባል የዓመት ትኬት በ579 ዶላር አወጣ። ሽያጩ የሚጀመረው ያለፈው በረዶ ቀልጦ ሳያልቅ፣ በጸደይ ነው፤ ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ ይዘጋል። ላሟ ሳትወልድ ወተቱን ሸጦ ገንዘቡን ባንክ ማስገባት ነው። በረዶ ጣለም አልጣለም ክፍያው ገብቷል። በኒው ዮርክ የአክሲዮን ገበያ ላይ «ኤም ቲ ኤን» በሚል አጭር ስም የሚሸጠው ይህ ኩባንያ ዛሬ በአሜሪካ፣ በካናዳ፣ በአውስትራሊያና በስዊዘርላንድ 42 ሪዞርቶች አሉት። ዴንቨር ላይ ደግሞ ተፎካካሪው አልቴራ አለ፤ አይከን ፓስ የሚባለውን የራሱን ትኬት ይሸጣል። አሜሪካኑ ሁለቱን እንደ እግር ኳስ ቡድን ይዞ ይከራከራል።

ሰማዩ እምቢ ሲል ኩባንያዎቹ እጃቸውን አጣጥፈው አይቀመጡም። ሙቀቱ ከዜሮ ሁለት ዲግሪ ያህል ዝቅ ሲል፣ ውኃና የታመቀ አየር በትልልቅ መርጫ ሽቅብ ይረጫል፤ ጠብታው መሬት ሳይደርስ በረዶ ይሆናል። ሌሊት ደግሞ ስኖውካት የሚባሉት ባለሰንሰለት መኪኖች እየተመላለሱ ይደለድሉታል። ተራራው ላይ እንዲህ ገንዘብ ፈሶ በረዶ ሲሠራ፣ ታች ቬይል መንደር ውስጥ ከመንገዱ ሥር ሙቅ ቱቦ ተቀብሮ በረዶውን ያቀልጠዋል፤ እንግዳ እንዳያዳልጠው። ጎረቤቱ ቢቨር ክሪክ ላይ፣ ጫማው የከበደው ሰው እንዳይቸገር ወደ ሜዳው የሚያወጣ ተንቀሳቃሽ ደረጃ ውጭ፣ ሰማይ ሥር ተተክሏል፤ ከሰዓት በኋላ በዘጠኝ ሰዓት ነጭ ልብስ የለበሱ ሰዎች በሳሕን ትኩስ ብስኩት ይዘው እየዞሩ በነፃ ያድላሉ። ሚሊየነር ለአንድ ብስኩት እንዴት እንደሚጋፋ ማየት የፈለገ እዚያ ይሂድ።

አሁን ወደ ደመወዙ። እትዬ እሱን ለመጠየቅ እየተግደረደሩ እንደሆነ ይታወቃል።

ቬይል ሪዞርትስ በ2021 የዓመት ትኬቱን ዋጋ በ20 በመቶ ቀነሰ። ሕዝቡ ተንጋግቶ ገዛ፤ የተሸጠው ትኬት ከ2 ሚሊዮን አለፈ። ያን ክረምት እንግዳው መጣ፣ ሠራተኛው ግን አልነበረም። ዋሽንግተን ግዛት ውስጥ ስቲቨንስ ፓስ የሚባለው የኩባንያው ተራራ ግማሽ አካሉን መክፈት አቅቶት፣ ከ40 ሺህ በላይ ሰው አቤቱታ ፈረመ። በሚቀጥለው ዓመት ኩባንያው ዝቅተኛውን ክፍያ በሰዓት 20 ዶላር አደረገ። የሌሎቹም በዚሁ ዙሪያ ነው። 20 ዶላሩን በብር መንዝረው ለጎረቤት እንዳይነግሩ፤ ወንድምዎ ይለምንዎታል። እዚህ ያለው ኪራይ በብር አይመነዘርም።

ቤቱ ነው ችግሩ። ተራራው ሥር ያለው ቤት በዓመት ሁለት ሳምንት ለሚመጣ ባለሀብት ወይም በሌሊት ለሚከራይ እንግዳ ተይዟል። ልጅዎ ከአራት ሰው ጋር ባለሁለት መኝታ ውስጥ ነው፤ አንዱ ሌሊት ስኖውካት ስለሚነዳ ቀን ቀን ይተኛል፤ አልጋው አያርፍም። አንዳንዱ ከሌድቪል ይመላለሳል፤ ሌድቪል 3,100 ሜትር ገደማ ላይ ያለች የድሮ የማዕድን ከተማ ናት፤ መንገዱም በክረምት አያስተማምንም። ሳሚት ካውንቲ በሚባለው ወረዳ፣ ቋሚ ሥራ ኖሯቸው መኪናቸው ውስጥ ለሚያድሩ ሰዎች ሕጋዊ ማቆሚያ የሚያዘጋጅ ማኅበር ተቋቁሟል። የቬይል ከተማ አስተዳደር ደግሞ ከ2017 ጀምሮ ለቤት ባለቤቶች ገንዘብ እየከፈለ፣ ቤታቸው እዚያው ለሚሠራ ሰው ብቻ እንዲሆን ውል ያስፈርማል። ከተማ ለነዋሪው ደጁን ለማስከፈት ጉቦ የሚከፍል መሆኑን ወንድምዎ ሌላ አገር አልሰማም።

ስለ በግ የጠየቁት ደግሞ ከመንገድ የወጣ አይደለም። ቬይል ሪዞርትስ በቬይል ምሥራቃዊ ክፍል ባለው መሬቱ ላይ ለ165 ሠራተኞች ቤት ሊሠራ ተነሣ። ቦታው ግን ቀንዳቸው የተጠመዘዘ የዱር በጎች ክረምቱን የሚያሳልፉበት ዳገት ነው። ከተማው ለሁለት ተከፈለ፤ ግማሹ ለሠራተኛው፣ ግማሹ ለበጉ ቆመ። በ2022 የከተማው ምክር ቤት መሬቱን በሕግ ለመውሰድ ወሰነ፤ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ገባ፤ በመጨረሻ ከተማው ከፍሎ ወሰደው። በጎቹ አሉ። ሠራተኞቹ ሌላ ቦታ ይፈለግላቸዋል። እንግዲህ እትዬ በዚህ አገር በግ ጠባቂም ሳያስፈልገው ጠበቃ አለው።

ታዲያ ሠራተኞቹ ለምን ይቀመጣሉ? ወንድምዎ ይህን ለልጅዎም አቅርቦለት ነበር፤ ልጁ መልስ ሳይሰጥ አንድ ቀን ይዞት ወጣ። የልጅዎ ኩባንያ ሠራተኛ ሁሉ እንግዳው ከ1,000 ዶላር በላይ የሚገዛውን የዓመት ትኬት በነፃ ያገኛል። በምሳ ሰዓት እንኳ እንጀራውን በሁለት ጉርሻ አጋምሶ ወደ ላይ ይወጣል። ሊፍት የሚጠብቀው ያ ዓይን አፋር ልጅዎ ከተራራው አናት ሲወርድ፣ እትዬ ቢያዩት «የማን ልጅ ነው?» ይሉ ነበር። ወንድምዎ በበኩሉ ካፌው ውስጥ ቁጭ ብሎ የ9 ዶላር ሻይ እየጠጣ ተመለከተ። ኩባንያው የደመወዙን አንድ ክፍል በበረዶ እንደሚከፍል ያኔ ገባው። ብልህ አከፋፈል ነው፤ በረዶውን ኩባንያው ከሰማይ ያገኘዋል፣ ልጁም ወዶ ይቀበለዋል፤ የቤት አከራዩ ብቻ ነው በበረዶ አልቀበልም ያለው።

አልቀበልም ያሉ ሌሎችም አሉ። የቬይል ሪዞርትስ በሆነው ፓርክ ሲቲ፣ ዩታ፣ የስኪ ፓትሮል የሚባሉት ሠራተኞች ከጎሕ በፊት ወጥተው ናዳ ሊወርድበት የሚችለውን በረዶ በፈንጂ የሚያፈርሱ፣ እግሩ የተሰበረውን በቃሬዛ እየጎተቱ የሚያወርዱ ናቸው። መነሻ ክፍያቸው በሰዓት 21 ዶላር ነበር፤ 23 ይሁን አሉ። ወራት ተደራደሩ፤ አልሆነም። በ2024 ታኅሣሥ 27፣ ዓመቱን ሙሉ ከሚጠበቀው የገና ሳምንት መሐል፣ 200 ያህል ሆነው ሥራ አቆሙ። ጊዜውን የመረጠ ሰው ሞኝ አይደለም። ፓትሮል ሳያረጋግጥ የተራራው ክፍል ስለማይከፈት አብዛኛው ተዘጋ፤ ያን ሁሉ ገንዘብ ከፍሎ የመጣው እንግዳ በተከፈቱት ጥቂት ሊፍቶች ሥር ማለቂያ በሌለው ሰልፍ ቆመ። የሚገርመው ሰልፈኛው የጮኸው በሠራተኞቹ ላይ አልነበረም፤ «ሠራተኞቻችሁን ክፈሉ» እያለ በኩባንያው ላይ ነበር። ሁለት ሳምንት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ኩባንያው የ2 ዶላሯን ጭማሪ ሰጠ፤ ልምድ ያላቸው ከዚያም በላይ አገኙ። በግንቦት 2025 ዋና ሥራ አስኪያጇ ወርደው፣ ኤፒክ ፓስን ያመጡት የቀድሞው አለቃ ሮብ ካትዝ ተመለሱ።

ልጅዎ የዚያ ማኅበር አባል አይደለም፤ ሥራ ማቆምም አላሰበም። ይሁን እንጂ ወሬው በተሰማበት ሳምንት አለቃው ለሊፍት ሠራተኞች ሁሉ ፒዛ አዘዘላቸው። ያለ ምንም ምክንያት ነው ተባለ።

በረዶው ሚያዝያ አጋማሽ ላይ ያበቃል፤ ሊፍቱ ይቆማል፤ የክረምት ሠራተኛው ይሰናበታል። አንዳንዱ በሰኔ በረዶ ወደሚጥልበት ወደ አውስትራሊያ ይሄዳል። ለልጅዎ ግን ለሚመጣው ክረምት እድገት ተጽፎለታል፦ ሌሎች ሰዎችን ወንበር ላይ ማስቀመጥ የሚያስተምር ተቆጣጣሪ ይሆናል፤ በሰዓት 2 ዶላር ተጨምሮለት። በበጋ ደግሞ እዚያው ተራራ ላይ ብስክሌተኞችን በዚያው ሊፍት ያወጣል። የምህንድስና ፈቃዱን ፈተና ይፈተናል ወይ ብለው ለሚጠይቁት፣ ተመዝግቧል። ወንድምዎ ደረሰኙን በዓይኑ አይቷል።

አንድ ጉዳይ ቀርቷል። ባለፈው በሰው እጅ የላኩትን የመንዝ በርኖስ ልጅዎ ማለዳ ማለዳ ሊፍቱ ጎን ባለችው ጎጆ ውስጥ ይደርበዋል። ኩባንያው የሰጠው ጃኬት ዋጋው ከአንድ ወር ኪራይ አይተናነስም፤ ነፋስ ግን ያስገባል። አለቃው፣ ሚኒሶታ ተወልዶ ያደገ፣ ብርድ አውቃለሁ የሚል ሰው፣ አንድ ማለዳ ተውሶ ለብሶት እስከ ምሳ ሰዓት አልመለሰውም። አሁን ዋጋውን ይጠይቃል፤ ሌሎች ሁለትም «ለእኛም» ብለዋል። ስለዚህ ከመንዝ ሰው ጋር ሲገናኙ የሦስት በርኖስ ዋጋ ይጠይቁ፤ ገንዘቡን ወንድምዎ ይልካል። የአለቃው በርኖስ ረዘም ይበል፤ ሰውየው በር ሲገባ ጎንበስ ይላል። ቀለሙ ጥቁር ይሁን።

ከሰላምታ ጋር፣
ወንድምዎ፤ ከኦሮራ፣ ኮሎራዶ